ስለ ፈረስ ጨዋታና ስለ ጉግስ ታሪክ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል ወደ አምባራስ የሚወጣ መንገደኛ፥ ክረምቱ አልፎ ሣሩ በለመለመበት ወራት፥ ባዝራ ከነውርንጭላዋ በመስክ ላይ ስትግጥ ማየቱ አይቀርም። ባዝራዪቱ አቀርቅራ ሥራዋን ትሠራለች፤ ውርንጭላው ግን ሥራ የለውም። ድንገት ጅራቱን ሰቅሎ ይፈረጥጣል፥ እናቱን ይዞራታል፥ በኋላ እግሮቹ ነፋሱን ይራገጣል፤ ደግሞም ቀጥ ብሎ ይቆምና አንድ ቍጥቋጦ እንዳስደነገጠው ሆኖ ወደ ኋላው ይፈናጠራል፤ ከዚህ በኋላ ወደ ጡቱ ይመለሳል። ያሳደደው ጅብ፥ የጠራው ሰው፥ የሚደርስበትም ስፍራ የለም። እረኛው ይህን ባየ ጊዜ «ጠገበ» ይላል፤ ነገሩም በዚህ ያልቃል።

ነገር ግን «ጠገበ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ሆዱ ሞላ ማለት ነው። ሁለተኛው ልኩን ረሳ፥ መጠኑን አለፈ፥ ቅጣት ይገባዋል ማለት ነው። እንግዲህ የሚቦርቀው ውርንጭላ ገና ምንም ሳያጠፋ በቃሉ ብቻ ተፈርዶበታል። ኮርቻ ለመቀበል ሲደርስም ያው ፍርድ ይከተለዋል፤ ከጋጣው ወጥቶ ቢፈነጭ ጥጋቡ ይውጣለት ተብሎ ይመታል። በበዓል ቀን ግን ልጓሙ መንጋጋውን ጨምቆት አፉን ከፍቶ፥ ዐረፋ እየደፈቀ፥ ባለበት ሲረግጥ ያየው ሕዝብ፥ ፈረሱ ደስ ብሎት ይጫወታል ብሎ እልል ይልለታል። የዚህ ጽሑፍ ነገር ይህ ነው፤ ሲጫወት የምንመታው፥ ሲጨነቅም የምንዘፍንለት እንስሳ ቢኖር ፈረስ ነው።

ይህም የሚያስደንቅ ነው፤ ከእንስሳት ሁሉ ክብሩ ከሰው ክብር ጋራ የተቀላቀለ እንደ ፈረስ ያለ በአገራችን የለምና። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር፤ ይህ ሁሉ የፈረስ ስም ነው። በጎንደርም ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችው ትንሽ ክብ ቤት ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ስሙን ለራሳችን የወሰድንለትን፥ መቃብርም የሠራንለትን እንስሳ ግን በጠባዩ እምብዛም አልመረመርነውም። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ ስለ አንበሳና ስለ ንስር ይናገራል፤ የሚፈልገው ግን ምሳሌያቸውን እንጂ ኑሯቸውን አይደለም። መጽሐፈ ኢዮብም በምዕራፍ 39 የጦር ፈረስን ሲያነሣ፥ የሚያሳየን መለከት ሰምቶ የሚነሣሣውን የጎለመሰውን ፈረስ ነው፤ በመስክ የሚቦርቀውን ውርንጭላ አይደለም።

የሰሜን አገር በእንስሳት ተመራማሪዎች ዘንድ የተረሳ አይደለም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገሩን ጎብኝቶ፥ በ1835 ዋልያንና ጭላዳን በሳይንስ መዝገብ አገባቸው። በ1970ዎቹም እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር በሳንቃበር ተቀምጦ የጭላዳን ማኅበር አጠና። ዋልያና ጭላዳ ያሉበት ተራራም በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በዚያው መስክ፥ በዚያው ሣር ላይ ሲግጥ የኖረው ፈረስ ግን የቤት ሎሌ ስለ ሆነ ይመስለኛል፥ እንደ ጎረቤቶቹ ሊቅ ተቀምጦ አልጠበቀውም። ሰው ከደጁ ያለውን ነገር ያወቀው ይመስለዋል።

እንስሳ ለምን ይጫወታል የሚለው ጥያቄ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ብዙ አከራክሯል። ባለ ቅኔው ሺለር በ1795፥ ከእርሱም በኋላ እንግሊዛዊው ሄርበርት ስፔንሰር፥ ጨዋታ ከተረፈ ኀይል ይመጣል አሉ፤ የበላና ያረፈ እንስሳ ኀይሉን የሚያፈስስበት ሥራ ሲያጣ ይዘልላል። ይህ የእኛ እረኛ «ጠገበ» የሚለው ራሱ ነው፤ እረኛው ግን ጀርመንኛም እንግሊዝኛም አላነበበም። በ1896 ካርል ግሮስ ስለ እንስሳት ጨዋታ በጻፈው መጽሐፍ ሌላ መንገድ አሳየ። እንዲህም አለ፤ ትርፍ ኀይል ብቻ ቢሆን ድመት እንደ ፈረስ፥ ፈረስም እንደ ድመት በተጫወቱ ነበር፤ ነገር ግን ድመት የምትጫወተው እንደ አዳኝ፥ ፈረስም የሚጫወተው እንደ ሯጭ ነው፤ ስለዚህ ጨዋታ የወደ ፊቱ ሥራ ትምህርት ነው። ይህ ትርጓሜ እጅግ ያማረ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ያለ ምርመራ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ግን ትምህርቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም በቍጥር ለማሳየት የሞከሩ ሁሉ ሥራው እንደ ቃሉ ቀላል አልሆነላቸውም።

አሜሪካዊው ጎርደን በርክሃርት በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታ የሚታወቅበትን ምልክት ለየ። ጨዋታ ለጊዜው ለኑሮ የማይጠቅም ነው፤ እንስሳው ወድዶ ስለ ራሱ ስለ ጨዋታው የሚያደርገው ነው፤ መልኩ ከቍም ነገሩ ሥራ ይለያል፥ ወይ የተጋነነ ወይ ያልተፈጸመ ነው፤ ተደጋግሞ ይታያል፤ በመጨረሻም እንስሳው ሲጠግብ፥ ሲድን፥ ከፍርሃት ሲያርፍ የሚመጣ ነው። በዚህ በመጨረሻው ምልክት እረኛችን በግማሽ ልክ ሆኖ ተገኘ። የተራበ ውርንጭላ አይቦርቅም፤ የታመመም አይቦርቅም። ቡረቃ የጤና ምስክር ከሆነ ዘንድ ግን ጅራፍ ምን አገባው?

አሁን ወደ ውርንጭላው እንመለስ። ውርንጭላ ከተወለደ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይቆማል፤ በመጀመሪያዎቹም ቀኖች መጫወት ይጀምራል። የመጀመሪያው የጨዋታ ባልንጀራው የገዛ እግሩ ነው። እናቱን መካከል አድርጎ ይሮጣል፤ መዞሪያውም በየቀኑ እየሰፋ ይሄዳል። የእናቱን ጋማ ይነክሳል፥ ገመድ ይጐትታል፥ የወደቀ ጨርቅ አንሥቶ ይወረውራል። ሳምንታት ሲያልፉ እኩያውን ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ የወንዱና የሴቷ መንገድ ይለያያል፤ ሴቶቹ መሮጥና መከታተል፥ አንገት ለአንገት ሆነውም ጋማ መቈናጠጥ ያበዛሉ፤ ወንዶቹ ግን ትግል ይወድዳሉ። ሱ ማክዶኔል እና ኤሚ ፑሊን የተባሉ ሁለት ሴቶች በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ በነጻ መስክ የተለቀቁ ድንክ ፈረሶችን ተመልክተው በ2002 ባወጡት ዝርዝር፥ የፈረስን ጨዋታ በ4 ወገን ከፈሉት፤ በዕቃ መጫወት፥ በሩጫና በዝላይ መጫወት፥ የድንጕላንና የባዝራን ነገር በመምሰል መጫወት፥ በትግል መጫወት።

ከእነዚህ ሁሉ ትግሉ ብዙ የሚነገርለት ነው። ሁለት ወጣት ወንዶች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ የሌላውን የፊት ጕልበት ሊነክስ ያቀረቅራል፤ ያኛው እግሩን ሰብስቦ ይንበረከካል፤ ከዚያም ሁለቱ በኋላ እግራቸው ቆመው አንገታቸውን ያቆላልፋሉ። ያላወቀ ሰው ድንጋይ አንሥቶ ለማገላገል ይሮጣል። የሚያውቅ ግን ጆሮአቸውን ያያል። የእውነተኛ ጠብ ጆሮ ወደ ኋላ ተጋድሞ በራስ ላይ ይጣበቃል፤ የጨዋታ ጆሮ ግን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ጎን ይላል። በጠብ የተነከሰ ይቈስላል፤ በጨዋታ የተነከሰ ቆዳው እንኳ አይላጥም። በጠብ የተሸነፈ ይሸሻል፥ አይመለስምም፤ በጨዋታ የተሸነፈ ግን ጥቂት ሮጦ ይዞርና እርሱ በተራው አሳዳጅ ይሆናል። በተለይ ይህን አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ጉግስ ስንደርስ ያስፈልገናልና። ታላቁ ከታናሹ ጋራ ሲጫወትም ኀይሉን ሁሉ አያወጣም፤ ጨዋታው እንዳይፈርስ ራሱን ያደክማል። ታናሹ ደግሞ ታላቅ ድንጕላ ሲቀርበው አንገቱን ዘርግቶ አፉን እየከፈተና እየዘጋ ጥርሱን ያጋጫል፤ ይህም እኔ ገና ልጅ ነኝ፥ አትንካኝ እንደ ማለት ነው።

የሰሜኑ ጭላዳና ፈረስ በዚህ ነገር ላይ በአንዲት ሴት ሊቅ እጅ ተገናኝተዋል። የጣልያን አገር የፒሳ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ኤሊዛቤታ ፓላጂ ከባልንጀሮቿ ጋራ በጀርመን አገር በሚኖሩ ጭላዶች ላይ ባደረገችው ጥናት፥ የሚጫወቱ ጭላዶች አፋቸውን ዘና አድርገው ሲከፍቱ አንዱ የሌላውን ፊት ወዲያው እንደሚቀዳ አሳየች። በ2020 ደግሞ ፈረስና ውሻ አብረው ሲጫወቱ መርምራ፥ ወገናቸው የተለየ ሆኖ ሳለ ያንኑ የተዝናና አፍ እርስ በርሳቸው ሲቀዳዱ አገኘች። በአማርኛ መጫወት ማለት መቦረቅም ነው፥ መነጋገርም ነው፤ በዚህ ነገር ቋንቋችን ከብዙ ሰው ቀድሟል።

ጥቅሙስ? በኒውዚላንድ ካይማናዋ በሚባል ተራራ ያለ ጌታ የሚኖሩ ፈረሶች አሉ። እነርሱን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጽሑፍ፥ አብልጠው የተጫወቱት ውርንጭሎች በሰውነታቸው የተሻሉ፥ በሕይወት ለመቆየትም የበረቱ ሆነው እንዳገኟቸው ገለጡ። በእኛም አገር በሐረር በኩል በቍንዱዶ ተራራ እንዲህ ያለ የዱር ፈረስ መንጋ አለ፤ ቍጥሩ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በ2012 በወጣ ጥናት የኢትዮጵያ ፈረሶች በ8 ወገን ተከፍለው ሲቈጠሩ ይህ መንጋ አንዱ ሆኗል። በኢትዮጵያ ካሉት ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ፈረሶች መካከል ልጅነቱን በሰው ሳይታዘዝ የሚጨርሰው የቍንዱዶው ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ስለ ጉግስ እንናገር። ጉግስ የሚጫወቱ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። ከአንዱ ወገን አንድ ፈረሰኛ ወጥቶ ይሸሻል፤ ከወዲያኛው ወገን የወጣው ዘንግ ይዞ ያሳድደዋል። የሚሸሸው ከጐሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ጋሻውን በጀርባው አዙሮ፥ አንገቱን ወደ ኋላ እየመለሰ የሚወረወረውን ዘንግ ይመክታል። ወደ ወገኑ በደረሰ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሸሸው ያሳድዳል፥ ያሳደደውም ይሸሻል። ዘንጉ እንደ ጦር ይወረወራል፤ ብረት ግን የለበትም። እነሆ የውርንጭሎቹ ሕግ ሁሉ እዚህ ተገኘ፤ ተራ መለዋወጡ፥ ራስን ማድከሙ፥ የጠብን መልክ ይዞ የጠብን ፍሬ መተዉ። ሰው ከፈረስ ተማረው አልልም። ሁለቱም ሳይማከሩ ወደ አንድ ሕግ መድረሳቸው ግን የሚያሳስብ ነገር ነው።

ይህ ሕግ በሌላው አገር እንዴት እንደ ሆነ ማየት ይጠቅማል። ቱርኮች ጀሪድ የሚሉት ጨዋታ ከእኛ ጉግስ ጋራ ወንድማማች ነው፤ በፈረስ ላይ ሆነው ስለት የሌለው ዘንግ ይወራወራሉ። ብዙ ሰው ስለ ጐዳ ሱልጣን መሕሙድ 2ኛ በ1826 ከለከሉት፤ በኋላ ግን ደግሞ ተነሣ። በፈረንሳይም ንጉሡ ሄንሪ 2ኛ በ1559 ለሠርግ በዓል በተደረገ የፈረስ ግጥሚያ የተሰበረ ጦር ስንጥር በዐይኑ ገብቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ። የእኛም ዘንግ ብረት ባይኖርበት ዐይን ማጥፋት አያቅተውም። ጨዋታና ጠብ የሚለያዩበት ድንበር ቀጭን ነው፤ ፈረሶቹ በመስክ ላይ ከሰው ይልቅ አጥብቀው ይጠብቁታል።

ጉግስ የጦር ትምህርት ቤት ነበረ ማለት የተለመደ ነው፤ እውነትም ነው። በዳባትና በደባርቅ መካከል ያለውን የወገራ ሜዳ ያየ ሰው ፈረሰኛ በዚህ ለምን እንደ ተወደደ ማስረጃ አያስፈልገውም። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 በአውሮፓ አቈጣጠር ሊማሊሞን ወጥቶ በዚህ ሜዳ አልፎ ጎንደር ገባ፤ ራሱም እንደ ጻፈው በፈረስ ግልቢያው ተወድዶ የቤተ መንግሥት ፈረሰኞች ጓድ አለቃ ተደረገ። በዘመነ መሳፍንት የየጁዎች ኀይል በፈረሰኛ ነበረ፤ ያ ኀይል በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል በደጃዝማች ካሳ እጅ ተሰበረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም.፥ ያው ካሳ እዚሁ ሰሜን ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ፥ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። አባ ታጠቅ የሚለውም የፈረስ ስም ከዚያ ወዲህ የዘመን ስም ሆነ።

በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ልማድ አለ፤ ስለ ፈረስ ጠባይ የሚናገረው ከጦርነቶቹ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። መኰንን ሲጓዝ የሚቀመጠው በሠጋር በቅሎ ነው። የጦር ፈረሱ በባልደራሱ እጅ እየተሳበ ባዶ ጀርባውን ከፊት ይሄዳል፤ የሚቀመጡበትም ለውጊያ፥ ለጉግስ ወይም ለበዓል ብቻ ነው። (ካህናቶቻችንም በቅሎን የመረጡት ለትሕትና ብቻ አይመስለኝም፤ አቀበት ለወጣ ሰው ምክንያቱ ግልጥ ነው።) እንዲህ ያለ ፈረስ ሜዳ ላይ በደረሰ ጊዜ ጕልበቱ ሙሉ፥ ጀርባው ያልቈሰለ ነበር። ሩጫውም በከፊል የራሱ ፈቃድ ነበረ ብል አላጋንንም፤ ጓደኞቹ ሲሮጡ አብሮ መሮጥ የፈረስ የተፈጥሮ ምኞት ነውና። የጥንቱ ጉግስ ለሰውም ለፈረስም ጨዋታ ሊሆን የቻለው በዚህ ልማድ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈጥኖ የሚነገር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዘው ከመቅደላ ወረዱ፤ የእንግሊዝ ፈጣን ጠመንጃና ሮኬት ግን ፈረስ ደርሶ ሊያልፈው የማይችል ነገር ሆነ፤ ገብርዬም በዚያ ወደቁ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ፈረሰኛው፥ ይልቁንም የኦሮሞ ፈረሰኛ፥ የተፈታውን ጠላት በማሳደድ ታላቅ ሥራ ሠራ። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ግን አውሮፕላንና የመርዝ ጢስ መጣ፤ ፈረስም ከጦር ሜዳ ተሰናበተ። ትምህርት ቤቱ ቀረ፥ ትምህርቱ ግን ለምንም የማይሆን ሆነ፤ ጉግስም እንደ ውርንጭላው ቡረቃ ስለ ራሱ ብቻ የሚደረግ ነገር ሆኖ ቀረ። በአዊ ያሉ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በ1932 ዓ.ም. ማኅበር አቋቁመው፥ በዐድዋና በአርበኝነት የተሰለፉትን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ይሰበሰባሉ። ለፈረስ ውለታ ማኅበር መቆሙ በሌላ አገር ብዙ ጊዜ የሚሰማ ነገር አይደለም።

እስካሁን በሰው ዐይን አየን፤ አሁን በፈረሱ በኩል እንመልከት። የውርንጭላው ጨዋታ ሁለት ነገር ነበረው፤ ወድዶ መጀመርና ሲበቃው መተው። ልጓም የገባለት ፈረስ ሁለቱንም አጥቷል። የአገራችን የጥንት ልጓም ደግሞ ኀይለኛ ነው፤ ከብረቱ ጋራ የተያያዘ ቀለበት የታች መንጋጋውን ይከብባል፥ ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ላንቃውን ይወጋል፥ ቀለበቱ አገጩን ይጨምቃል። በብልህ እጅ ይህ ልጓም በአንዲት ጣት ይነዳል፤ የጥንት ፈረሰኞችም እርካቡን በአውራ ጣታቸው ብቻ ይዘው በሚዛናቸው ይቀመጡ ስለ ነበረ ዛብ ላይ አይንጠለጠሉም። በዓመት አንድ ቀን በሚቀመጥ ሰው እጅ ግን ያው ብረት ሥቃይ ነው። ሱ ዳይሰን የተባለች እንግሊዛዊት የእንስሳት ሐኪም በ2018 ባሳተመችው ጥናት፥ ሰው የተቀመጠበት ፈረስ ሕመም እንዳለበት የሚታወቅባቸውን 24 ምልክቶች ጻፈች፤ ከእነዚህም 8 ወይም ከዚያ በላይ የታዩበት ፈረስ ሕመም እንዳለበት ሊገመት ይገባል ትላለች። ከእነርሱ መካከል ጆሮን ወደ ኋላ ማጋደም፥ አፍን ደጋግሞ መክፈት፥ ምላስን ማውጣት፥ ጅራትን መወራጨት ይገኙበታል። በበዓል ቀን አስፋልት ላይ እየተንሸራተተ የሚረግጠውን ፈረስ በዚህ ዝርዝር የመዘነው ሰው እልልታውን ጥቂት ያዘገየዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ ግልቢያ መጽሐፍ የጻፈው ግሪካዊው ዜኖፎንም ይህን አውቆት ነበር፤ በግድ የተሠራ የፈረስ ሥራ፥ በጅራፍ እየተመታ ከሚጨፍር ጨፋሪ የተሻለ ውበት የለውም ብሎ ያስተምራል።

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ቀላል ነበረ፤ ጨዋታ ደስታ ነው፥ ያልተጫወተ አዝኗል ብለን በተቀመጥን ነበር። ፈረንሳዊቷ ማርቲን ሐውስበርገርና ባልንጀሮቿ ግን በ2012 ሌላ ነገር አመጡ። ያደገ ፈረስ በዱር ሲኖር የሚጫወተው ጥቂት ነው። ቀኑን በጋጣ ታስረው በሚውሉ የግልቢያ ትምህርት ቤት ፈረሶች ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ መስክ በተለቀቁ ጊዜ አብልጠው የሚጫወቱት የረዥም ጊዜ ጭንቀት ምልክት የበዛባቸው ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የታሰረ ፈረስ ሲለቀቅ መፈንጨቱ የእስራቱ ምስክር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የውርንጭላው ቡረቃና የጎለመሰው ፈረስ ቡረቃ አንድ መልክ ሳላቸው አንድ ፍች የላቸውም፤ ስለዚህ «ጠገበ» ከማለት በፊት ዕድሜውንና አዋዋሉን መጠየቅ ይገባል።

በደባርቅ ዛሬ ፈረስና በቅሎ ወደ ተራራው የሚወጣውን እንግዳና ጓዙን ይሸከማሉ፤ ለብዙ ቤተ ሰብም የዕለት እንጀራ ናቸው። ይህን የሚነቅፍ ሰው አገሩን አያውቅም። ክርክሩ ያለው በውርንጭላው ላይ ነው። ባዝራዪቱ ጭነት ይዛ በምትወጣበት መንገድ ውርንጭላዋ ከኋላዋ ይከተላል፤ በመስክ ሊቦርቅበት የሚገባውን ሰዓት በድንጋይ መንገድ ላይ ይፈጅዋል። ጥቂት ጠንከር ሲልም አንዳንድ ባለ ንብረት ጀርባው ላይ አንድ ነገር ጣል ያደርግበታል፤ መጀመሪያ ባዶ ስልቻ፥ ቀጥሎ ግማሽ ጭነት። የፈረስ የጀርባ አጥንት መጋጠሚያዎች ግን እስከ 5 ዓመት፥ ከዚያም በላይ ሳይጠነክሩ ይቆያሉ። ይህን ለማወቅ ሐኪም መጥራት አያስፈልግም፤ በገበያችን ፈረስ የሚገዛ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚከፍተው አፉን ነውና። የፊት የወተት ጥርሶቹ መካከለኞቹ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ፥ ቀጥለው ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፥ የዳርቻዎቹ በ4 ዓመት ተኩል ይለወጣሉ፤ በ5 ዓመት አፉ ይሞላል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ገብስ የሚጫንበት ውርንጭላ፥ ከእነዚህ የወተት ጥርሶች አንዱ እንኳ ሳይነቀል ነው የሚሸከመው።